4,294,967,297 በ2 ሲፈተን ለምን ያልፋል? አካፋዩስ በወረቀት እንዴት ይገኛል?

ባለእርሳስ፦
2^32 + 1፣ ማለትም 4,294,967,297፣ ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የፌርማን ፈተና (n ብቸኛ ከሆነ 2^(n−1) ለn ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት የሚለውን) በ2 ስሠራለት ግን ቀሪው 1 ይወጣና ያልፋል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ደግሞስ እስከ 65,536 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሳልሞክር አካፋዩን ማግኘት ይቻላል?

ቀሪ_ዜሮ፦
ስሌትህ ልክ ነው፤ እዚህ ጋ የማይረባው ፈተናው ነው። ቁጥሩን n እንበለው። 2^32 ለn ሲካፈል ቀሪው −1 (ማለትም n−1) ነው፤ ስለዚህ የ2^64 ቀሪ 1 ይሆናል። n−1 ደግሞ 2^32 ስለሆነ ለ64 እኩል ይካፈላል። እንግዲህ የ2^(n−1) ቀሪ ወደድንም ጠላንም 1 ነው። በ3 ፈትነው፦ 3ን 31 ጊዜ በተከታታይ ስኩዌር አድርግ፣ በየደረጃው የn ቀሪውን ብቻ ያዝ። መጨረሻው −1 ካልሆነ n ብቸኛ አይደለም። ይህ የፔፓን ፈተና ነው፤ አካፋዩን ግን አይነግርህም።

ለአካፋዩ፦ p ብቸኛ ሆኖ nን የሚያካፍል ከሆነ፣ በp ሲታይ (ለp ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 2 መጀመሪያ 1 የሚሆነው ርቢው 64 ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ p−1 ለ64 ይካፈላል። p ለ8 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው 2 በp የአንድ ቁጥር ስኩዌር ነው፤ በዚህ ምክንያት 64 ወደ 128 ያድጋል፣ ማለትም p−1 ለ128ም ይካፈላል። እንግዲህ 128k + 1ን ብቻ ሞክር፦ 129 ለ3 ይካፈላል፣ 257 ብቸኛ ነው ግን 2 ይተርፋል፣ 385 ለ5፣ 513 ለ3፣ ቀጥሎ 641። ሁለት ማካፈል ብቻ! ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ያሳወቀው ይህንኑ ነው፦ 641 × 6,700,417።

አጭር_መንገድ፦
641ን ሳያካፍሉም ማረጋገጥ ይቻላል። 641 = 5·2^7 + 1፣ ደግሞም 641 = 5^4 + 2^4። ≡ ማለት ሁለቱ ወገኖች ለ641 ሲካፈሉ ቀሪያቸው አንድ ነው ማለት ነው። ከመጀመሪያው 5·2^7 ≡ −1፤ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5^4·2^28 ≡ 1። ከሁለተኛው 5^4 ≡ −2^4፤ ስንተካው −2^32 ≡ 1። አለቀ። ከዚህ የሚያምር ማረጋገጫ አላውቅም።

ቢት_ቆጣሪ፦
በፕሮግራም የምትሞክሩ ተጠንቀቁ። ባለ 32 ቢት ምልክት አልባ ቁጥር ውስጥ n ራሱ 1 ሆኖ ይቀመጣል። ባለ 64 ቢቱም አያድንም፦ በ2 ስትፈትኑ ቀሪው 2^32 ላይ ሲደርስ ስኩዌሩ 2^64 ነው፤ በ1 ብቻ ሞልቶ ይፈስና 0 ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም 0። ፕሮግራሙ «ብቸኛ አይደለም» ይላችኋል፤ መልሱ ትክክል፣ ምክንያቱ ስህተት። ባለ 128 ቢት ብዜት ተጠቀሙ።

ባለእርሳስ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። 6,700,417ስ? እሱም ገና ሊከፈል ይችላል?

ቀሪ_ዜሮ፦
አካፋይ ቢኖረው እሱም 128k + 1 መሆን አለበት። ስኩዌር ሩቱ ከ2,589 በታች ነው፤ እስከዚያ የቀሩት ብቸኛ ቁጥሮች 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 622። ስለዚህ 6,700,417 ብቸኛ ነው። 1,537 አያሳስትህ፤ 29 × 53 ነው።