አባቴ የባህር ኃይል የአየር ሁኔታ ባለሙያ ነበር፤ እውቀቱን ምን ላይ ያውለው?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ አባቴ ነው። ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም በቀድሞው ባህር ኃይል ምጽዋ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አሰብ ሆኖ የአየር ሁኔታ ይከታተል ነበር። መርከብ ከመውጣቱ በፊት ነፋሱንና ማዕበሉን የሚናገሩት እነሱ ነበሩ። ሁሉም ነገር ሲበተን ባዶ እጁን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖረ። አሁን 64 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል። የጡረታው ነገር አልቋል፤ ጥያቄዬ ስለሱ አይደለም።

አባዬ እስከ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል። ያለ ደወል። ጋቢውን ደርቦ በረንዳ ይወጣና ሰማዩን ያያል። ደመናው ከስምንት ስንት እጅ እንደሸፈነ፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ዘንቦ ከሆነ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳባራ ይጽፋል። ጠዋት 12 ሰዓትና 3 ሰዓት ላይ ይደግማል። ከ1986 ዓ.ም ጀምሮ የጻፋቸው 41 ደብተሮች አልጋው ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ወሬ ቀንሷል። ባለፈው ሳምንት "ለማን ብዬ ነው የምጽፈው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄጄ ነበር፤ ገና ከበሩ "ዲግሪ አለዎት?" ብለው መለሱን። በዚህ ዕድሜው በሙያው የሚሠራው ነገር ይኖራል? ደብተሮቹስ ለሰው ይጠቅማሉ?

ባህረኛው፦

እህቴ፣ "ከሌሊቱ 9 ሰዓት" የሚለውን ሳነብ አባትሽን ያወቅኩት ያህል ተሰማኝ። እኔ የመርከብ ሰው ነበርኩ፣ የአየር ክፍል አይደለሁም። ግን ያቺን ሰዓት አውቃታለሁ። በግሪንዊች አቆጣጠር ዜሮ ሰዓት ናት። በዓለም ያሉ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሰማይ የሚያዩባት ሰዓት ነች። ከዚያ በየሦስት ሰዓቱ ነው፤ ለእኛ 12፣ 3፣ 6 እያለ ይሄዳል። አባትሽ እንቅልፍ እምቢ ብሎት አይምሰልሽ። ተራው ደርሶ ነው የሚነሳው።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገርሽ። የምጽዋ ሰማይ ከደጋው ተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ በክረምት ስትዘንብ ምጽዋ በሙቀት ትቃጠላለች። ምጽዋ ዝናብ የምታየው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ነፋሱም እንደዚያው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ከባብ ኤል መንደብ በኩል የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይገባል፣ በክረምት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ይህን ሁሉ ለምዶ ከባህር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከተማ የመጣ ሰው፣ ሰማይ ማንበብን ከዜሮ ነው የተማረው። በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተምሯል ማለት ነው።

ምክሬ፦ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ መርከበኞች የሚሠለጥኑበት ተቋም አለ። መርከብ የሚመራ መኮንን የሚሆን ሁሉ ሜትሮሎጂ (የአየር ሁኔታ ትምህርት) ይማራል። ባህር ኃይሉም በ2011 ዓ.ም አዋጅ እንደገና ከመከላከያ ክፍሎች አንዱ ሆኗል። ቅጥር አትጠይቂ። "አባቴ ቀይ ባህር ላይ 11 ዓመት የአየር ሁኔታ የተከታተለ ሰው ነው፣ ለተማሪዎቻችሁ አንድ ከሰዓት ያውራላቸው" ብለሽ ደብዳቤ ጻፊ። ቀይ ባህርን በዓይኑ ያነበበ አስተማሪ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

ዝናብ ለካኝ፦

በሜትሮሎጂ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ስለ ደብተሮቹ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ አንድም እንዳትጥሉ። ሁለተኛ፣ ለማንም ኦሪጅናሉን እንዳትሰጡ፤ በስልክ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺና አስቀምጪ። የእርሳስ ጽሑፍ ካለ ከሱ ጀምሪ።

ዋጋቸው ምን ላይ ነው? መለኪያ የሌለው የሙቀት ግምት ብዙም አይጠቅምም። ዝናብ የጀመረበትና ያባራበት ሰዓት ግን ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጣቢያዎች የቀኑን ድምር እንጂ ሰዓቱን አይመዘግቡም። በረዶ የጣለበት ቀንም እንዲሁ። እሱ አራት ኪሎ ሆኖ የጻፈውን ከአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ ጣቢያና ከቦሌ መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ቦሌ ፀሐይ ሆኖ አራት ኪሎ ጎርፍ የሚሆንበት ቀን ስንት እንደነበር ከደብተሩ ይወጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ይህን ቢያገኝ ይደሰታል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሜትሮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው። እዚያው ሰፈራችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ግቢ አለ፤ በእግር ሂጂና ጠይቂ።

አንድ ወረቀት አሁኑኑ አስጽፊው፦ በረንዳው የት እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ወደየት እንደሚያይ፣ ቤት ቀይራችሁ ከሆነ መቼ። ይህ ከሌለ ደብተሩ ተራ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ለሚጽፈው ደግሞ የዝናብ መለኪያ ይኑረው። በአገራችን ዝናብ ብቻ የሚለካባቸው አራተኛ ደረጃ የሚባሉ ጣቢያዎች አሉ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበባሉ። አባትሽ ያንን ሰዓት ቀድሞውኑ ይዞታል! ስለ አቀማመጡ፦ አጠገቡ 5 ሜትር ግንብ ካለ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። በረንዳ ላይ አይሆንም። ያልዘነበ ቀን ዜሮ ይጻፍ፣ ባዶ የሚተወው ያልተነበበ ቀን ብቻ ነው። ባለሙያ ስለሆነ ይህን እሱ ለኔ ይነግረኛል፤ የጻፍኩት ለአንቺ ነው።

ሲያትል ያለሁት፦

እኔ የአሜሪካ ባህር ኃይል ውስጥ በአየር ሁኔታ ክፍል ነው ያገለገልኩት። ትምህርቱን ሚሲሲፒ፣ ኪስለር የሚባል የጦር ሰፈር ወሰድኩ። የዲግሪው ነገር እዚህም ያው ነው። መርከብ ላይ ለዓመታት ስትተነብይ ኖረህ ስትወጣ፣ የመንግሥት ሜትሮሎጂስት ለመሆን በሙያው 24 ክሬዲት ሰዓት የኮሌጅ ትምህርት ይጠይቁሃል። እኔ ተመልሼ ኮሌጅ ገባሁ፤ ጓደኞቼ ደግሞ በቴክኒሻንነት ቀጠሉ። ስለዚህ አባትሽ በበሩ ላይ የተነገረው ነገር ሙያውን መናቅ አድርጎ አይውሰደው። ንገሪው እባክሽ። ወጣት ከሆነ ሰው ትምህርቱን ጨርስ እለው ነበር። ለሱ ግን ማስተማር ይሻላል።

ሳይት ኢንጂነር፦

ካዛንቺስ አካባቢ ሕንፃ እንሠራለን። ኮንክሪት ልንሞላ ስንል ሁላችንም ወደ እንጦጦ ነው የምናየው። ደመናው ከእንጦጦ ጀርባ ከተነሳ 8 ሰዓት ሳይሞላ ሸራ እናዘጋጃለን። እንደ ጋሼ ያለ ሰው ቢነግረን በደስታ ሻይ ጋብዘን እንሰማለን። በገንዘብ ግን ቃል መግባት አልችልም፤ በዚህ ከተማ ለእንዲህ ያለ ምክር የሚከፍል ሳይት አላየሁም። ቴሌግራም ላይ ከፍቶ ለሕዝብ ትንበያና ማስጠንቀቂያ ማውጣት ደግሞ ይቅርበት፤ እሱ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የምጽዋ ዝናብ ላይ ስደርስ አቁሚ አለኝና ራሱ ቀጠለበት። እርጥብ ሻሽ የሚጠቀለልበት ቴርሞሜትር ነበራቸው አለ። ውሃው ከሻሹ ሲተን ያ ቴርሞሜትር ይቀዘቅዛል፤ ከደረቁ ቴርሞሜትር ጋር ያለው ልዩነት የአየሩን እርጥበት ይናገራል። ምጽዋ ላይ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ሲቀራረቡ፣ "ዛሬ ላቡም አይደርቅ፣ ሻሹም አይደርቅ" ይባባሉ ነበር። እንዲህ ሲያወራ ስሰማው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት መለኪያውን ግቢያቸው እንድንተክል ፈቅደውልናል። ከግንቡ የሚርቅ ቦታ አለ። አምስት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከእሱ ጋር ያነባሉ።

ዝናብ ለካኝ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቅዳሜና እሁድ ግቢው ይዘጋል። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ የሦስት ቀን ውሃ ተጠራቅሞ ይገኛል። እንዴት ይጻፍ?

ዝናብ ለካኝ፦

ቅዳሜና እሁድን ባዶ ይተዋቸው፣ ዜሮ እንዳይጽፍ። ሰኞ ላይ ድምሩን ጽፎ "የሦስት ቀን" ብሎ ያስታውስበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዘበኛውን ማናገር ነው። ቁልፉ እሱ ጋር አይደል?

የአራት ኪሎዋ፦

አባዬ ቀድሞሻል። ትናንት ከዘበኛው ጋር ቡና ጠጥተዋል።