የዩኒፎርም ሱሪ፦ ብጣሹ በዛ፣ ጉልበቱ ቶሎ ሄደ

ጠያቂ (ስፌት ቤት፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አነስተኛ ስፌት ቤት አለን። ለመስከረም 200 የተማሪ ሱሪ ተቀብለናል። ጨርቁ ወርዱ 150 ሴንቲ፣ 65 ከመቶ ፖሊስተር፣ 35 ከመቶ ጥጥ ነው። አጥፈን ስንቆርጥ ብዙ ብጣሽ ይወጣል። የአምናው ሱሪ ደግሞ ጉልበቱና መቀመጫው ዓመት ሳይሞላ ተቀደደ። ዋጋ ሳንጨምር ምን እናድርግ?

ድርና ማግ፦ እህቴ፣ ብጣሹን የሚያበዛው ማጠፉ ነው። ታጥፎ የሚቀርሽ ወርድ 75 ሴንቲ ነው። የፊትና የኋላ ገጹ አንድ ላይ 54 ሴንቲ ቢይዝ፣ 21 ሴንቲ ከዳር ይባክናል። ሁለት ድርብ አድርገሽ በሙሉ ወርዱ ብታነጥፊው ግን ሁለት ሱሪ 108 ወስዶ 42 ሴንቲ ይተርፋል፤ እዚያ የሌላ ቁጥር የኋላ ገጽ ይገባል። ስለዚህ ትልቅና ትንሽ ቁጥር ቀላቅለሽ አሰልፊ፤ አንዱን ወገቡን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ድርቦቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደ ላይ ከሆነ የሚወጣው ሁሉ የአንድ ወገን እግር ነው። ጨርቅ ለማዳን ብለሽ ደግሞ ፓተርኑን (የመቁረጫ ልኩን) ከድሩ፣ ማለት በጨርቁ ቁመት ከሚሄደው ክር፣ መስመር አታዝምሚ፤ ሲታጠብ እግሩ ይጠማዘዛል።

ቅምቅማት፦ በብጣሹ እስማማለሁ። ግን ለእኔ ትልቁ ብክነት ልጁ ረዝሞ የሚጣለው ሱሪ ነው። ለእግሩ ቅምቅማት 6 ሴንቲ ተዉለት፤ በዓመቱ ይለቀቃል። የኋላውን መሃል ስፌት ወገቡ ላይ 3 ሴንቲ ትርፍ ስጡትና ወደ ታች እያጠበባችሁ 1 ሴንቲ አድርሱት። መቀመጫውን በፖሊስተር ክር፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ስፌት ሁለት ጊዜ አስኪዱት። ይጠንክር ብላችሁ ስፌቱን ከልክ በላይ አታድቅቁት፤ መርፌው ጨርቁን በስቶ በስቶ በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ለጉልበቱ ከዚያው ብጣሽ 20 ሴንቲ ቁመት ያለው ድርብ ከውስጥ አስገቡ። ጎንና ጎኑ በጎን ስፌቱ ይያዝ። የላይና የታች ጠርዙን አትጠፉት፣ ኦቨርሎክ (ጠርዙ እንዳይተረተር የሚይዘው የማሽን ስፌት) ብቻ ይበቃዋል፤ የታጠፈው ጉብ ይልና ጨርቁን ራሱ ይፍቀዋል።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። የወገቡ ገበር ጥጥ ነው፤ ታጥቦ ሲደርቅ ሱሪውን ያኮማትረዋል። ለምን ይሆን?

አቡጀዴ፦ የሱሪው ድብልቅ ጨርቅ ብዙም አይሰበሰብም፣ ጥጡ ግን ይሰበሰባል። ከገበሩ ጨርቅ ላይ 50 በ50 ሴንቲ በእስክሪብቶ አስምሩ፤ እቤት እንደሚታጠበው አጥባችሁ አድርቁት፣ ሳትተኩሱ ለኩት። 48 ከሆነ 4 ከመቶ ገብቷል ማለት ነው። መፍትሔው ገበሩን ማስፋት ሳይሆን ከመቁረጣችሁ በፊት በሙሉ አጥቦ ማድረቅ ነው። በነሐሴ ዝናብ ቶሎ ስለማይደርቅ አሁኑኑ ጀምሩት።