«ገጽ 47ን ይመልከቱ» ኦንላይን ሄልፕ ላይ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?

ብዕረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሶፍትዌር ማኑዋል እየጻፍኩ ነው። ጽሑፉ አንድ ነው፣ የሚወጣው ግን ታትሞም ኦንላይን ሄልፕ (ስክሪን ላይ የሚነበብ መመሪያ) ሆኖም ነው። «ገጽ 47ን ይመልከቱ» ብዬ ብጽፍ ኦንላይን ላይ ገጽ የሚባል ነገር የለም። «እዚህ ይጫኑ» ብል ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተሰመረበት ሰማያዊ ቃል ብቻ ይቀራል፣ አንባቢው ቀጥሎ የት እንደሚሄድ አያውቅም። ትናንት ደግሞ ረቂቁን ሳገላብጥ ምዕራፍ 3 መሃል ላይ «ስህተት! የማጣቀሻው ምንጭ አልተገኘም» የሚል መልእክት በደማቁ ታትሞ አየሁ፣ ክው ነው ያልኩት። ለየብቻ ሁለት ፋይል ልያዝ ወይስ መላ አለው?

ሰነድ ሠሪ፦
ኧረ ሁለት ፋይል እንዳትይዝ! ሁለት ሦስት ጊዜ ካረምክ በኋላ አንዱን አስተካክለህ ሌላውን መርሳትህ አይቀርም። ክፍሉን በርዕሱ ጥራው፤ «የይለፍ ቃል መቀየር የሚለውን ክፍል ይመልከቱ» በል። ይሄ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ኦንላይን ላይ ርዕሱ ራሱ ሊንክ ይሆናል፣ «ገጽ 47» የምትለዋን ደግሞ ለህትመት ብቻ እንድትወጣ ታደርጋታለህ። ፍሬምሜከርና ፍሌር በሚባሉት የማኑዋል መጻፊያ ሶፍትዌሮች ላይ ይቻላል።

ስህተቱ የመጣው ከማይክሮሶፍት ወርድ ይመስለኛል። ማጣቀሻው የተያያዘው ርዕሱ ላይ ካለ የማይታይ ቡክማርክ (የቦታ ምልክት) ጋር ነው። ርዕሱን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ እንደ አዲስ ከጻፍከው ቡክማርኩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ርዕስ ስታርም መሃል ገብተህ አርም። ከማተምህ በፊት ሁሉንም ለመምረጥ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ማጣቀሻዎቹን ለማደስ ኤፍ9 በል፣ ቴክስት ቦክስ ውስጥ ያሉትን ግን ስለማይነካ እየገባህ ለየብቻ አድሳቸው። በመጨረሻ «ስህተት!» የሚለውን ቃል ፈልግ። እኔ ይህን ሳላደርግ ፋይል ለማተሚያ ቤት አልሰጥም።

አርታኢዋ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን «ከላይ እንደተገለጸው» የሚለውንም አትርሳው። ኦንላይን የሚያነብ ሰው በሰርች መጥቶ ቀጥታ መሃል ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለእሱ «ከላይ» የሚባል የለም። ሌላው ብዛቱ ነው። ሦስት መስመር ለሚሆን ነገር ሰውን ሌላ ክፍል ድረስ አታመላልሰው፣ እዚያው ጻፍለት። ማጣቀሻ ሥራውን ለጨረሰና ተጨማሪ ለሚፈልግ ሰው ነው። እርምጃ 4 ላይ እያለ «መጀመሪያ ይህን ያንብቡ» ብትለው ሄዶ አይመለስም።

ኮድ ወዳድ፦
ላቴክ (ሰነድ በኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ከሆነ ሁለት ጊዜ ኮምፓይል አድርጉት፣ ማለትም ኮዱን ወደ ሰነድ ቀይሩት፣ አለበለዚያ በማጣቀሻው ቁጥር ቦታ ሁለት የጥያቄ ምልክት ነው የሚወጣው። ከኤችቲኤምኤል (ከድረ ገጽ ኮድ) ፒዲኤፍ ለምታወጡ ደግሞ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ውስጥ ታርጌት-ካውንተር የሚባል ትእዛዝ አለ፣ እንደ ፕሪንስ ባሉ ፒዲኤፍ ማውጫ መሣሪያዎች የሊንኩን ገጽ ቁጥር ራሱ ይጽፍላችኋል።

ብዕረኛ፦
ተባረኩ! ሄጄ አየሁት፣ በእርግጥም ያንን ርዕስ ባለፈው ሳምንት አጥፍቼ ደግሜ ጽፌው ነበር። ማጣቀሻውን እንደ አዲስ አስገባሁት፣ ኤፍ9 ስል ተስተካከለ። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ 19 ማጣቀሻ ቆጠርኩ፣ ሰባቱን አውጥቼ ነገሩን እዚያው ጻፍኩት። አሁን ምዕራፍ 4ን ጀምሬያለሁ።