የ16 ዓመት ልጄ ብቻዋን መውጣት ጀምራለች፤ ምን ያህል ልፍቀድላት?

ጠያቂ፦ እናት ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ የምንኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። እስከ አምና ድረስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ውሎዋን ሁሉ ታጫውተኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ምሳዋን በልታ ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ ስጠይቃትም «ደህና ነበር» ከማለት አታልፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቆጪ ከምትኖር የክፍል ጓደኛዋ ጋር ለማጥናት ብቻዋን በባጃጅ መሄድ ትፈልጋለች። ትምህርቷ አልቀነሰም፤ ጠባይዋም ያው ነው። አባቷ «አድጋለች፣ ተያት» ይለኛል፤ እኔ ግን ወጥታ እስክትመለስ ሥራ መሥራት ያቅተኛል፤ በተለይ በክረምት፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ መንገዱ ጭር ሲል። ስልኳን ልፈትሽ? ወይስ እንደ አባቷ ልተዋት? በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጡረተኛ መምህር

እህቴ፣ ትምህርቷና ጠባይዋ እንዳልተለወጠ ራስዎ ጽፈዋል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በዚህ ዕድሜ ለጓደኛ የሚነገረው ከወላጅ ጋር ከሚወራው መብለጡ የተለመደ ነው፤ እናቷን ጠላች ማለት አይደለም። ሃካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት፣ በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው ልጆቹ በፈቃዳቸው ከሚነግሯቸው እንጂ በመጠየቅና በመቆጣጠር ከሚያገኙት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ስልኳን በድብቅ ቢፈትሹና ብታውቅ፣ አሁን የምትነግርዎትን ትንሽ ነገር እንኳ ልታቆም ትችላለች። ልክ ከትምህርት ቤት ስትገባ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ማታ ቡና ሲፈላ ወይም አብራችሁ ወደ መርካቶ ስትሄዱ ዝም ብለው ቢያዳምጧት ይሻላል።

የሁለት ልጆች አባት

መምህር ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ብዙ ተፈታኞች ብሔራዊ ፈተናውን የሚወስዱት በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው፣ ስልክም ይዘው እንዳይገቡ ተከልክለው ነው። ካለፈች በኋላም የሚመድባት ትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ላይ ቢኖርም ጎንደር ወይም ጅግጅጋ ሊደርሳት ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘቧን፣ ሰዓቷንና ጓደኞቿን የምትመርጠው እርሷ ናት፤ እኛ አጠገቧ ሆነን ልትለማመድ የምትችልበት ጊዜ ደግሞ አሁን ነው።

እኛ ቤት የሠራው ስምምነት ይህ ነው፦ ትልቋ ልጄ ስትደርስና ለመመለስ ስትነሣ ትደውላለች፤ በመካከል እኔ አልደውልም። የጓደኛዋን ወላጆች አግኝተን ስልክ ተለዋውጠናል፤ የሚያመላልሳትም የምናውቀው ደንበኛ ባጃጅ ነው። መጀመሪያ ላይ በመካከል አለመደወሉ ከብዶኝ ነበር፤ እርሷ ግን ቃሏን ስለምትጠብቅ የመመለሻ ሰዓቱን ቀስ በቀስ አራዝመንላታል።

የሦስት ሴት ልጆች እናት

ወንድሞቼ ያላችሁት መልካም ነው፤ ሆኖም የእናቲቱን ስጋት አታሳንሱት። መንገድ ላይ ሴት ልጅን የሚያጋጥማት ነገር ወንዱን ከሚያጋጥመው ይለያል፤ በሕጉም ቢሆን 18 ዓመት እስኪሞላት ኃላፊነቱ የወላጅ ነው። እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው፣ የማይመች ነገር ከገጠማቸው፣ የት እንደሆኑና ከማን ጋር እንደሆኑ ሳይፈሩ በማንኛውም ሰዓት እንዲደውሉልኝ፣ እኔም መጀመሪያ ወደ ቤት እንደማመጣቸው ነው። ቁጣን የፈራች ልጅ ችግሯን ትደብቃለች። እንቅልፏ ወይም የምግብ ፍላጎቷ ከተለወጠ፣ ከምትወዳቸው ጓደኞቿ ከራቀች ወይም ውጤቷ ካሽቆለቆለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና ያኔ ሳይዘገይ አጥብቆ መጠየቅ ይገባል።

ጠያቂ፦ እናት ከጅማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኳን አልፈትሽም። የጓደኛዋን እናት በአካል ስለማላውቃት በመጪው እሑድ ቡና እንድትጠጣ ልጋብዛት አስቤያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ትሄዳለች፤ ስትደርስና ስትነሣም ትደውላለች። አባቷ የመመለሻው ሰዓት 12 ይሁን ብሏል፤ እኔ ግን ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ከ10 ሰዓት አላሳልፈውም፤ ምክንያቱንም ለእርሷው በግልጽ እነግራታለሁ።