የወረቀት ክብደት መዋዠቅ፦ ጥፋቱ የኮንትሮለሩ ነው ወይስ የቫልቩ?

ጥያቄ፦ የምርት ክፍል መሐንዲስ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። የምሠራው አሮጌ ካርቶን እየሰበሰበ የማሸጊያ ወረቀት በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማሽናችን 2.6 ሜትር ስፋት ያለው፣ በካሬ ሜትር 120 ግራም የሚመዝን ወረቀት በደቂቃ 250 ሜትር ፍጥነት ያወጣል። ወረቀቱ ከመጠቅለሉ በፊት ክብደቱን በቤታ ጨረር፣ እርጥበቱን በኢንፍራሬድ የሚለካ ስካነር አለን፤ ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ሌላው ጠርዝ ለመድረስ 30 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ ከዚህ በሚያገኘው አማካይ ላይ ተመሥርቶ ወደ ማሽኑ የሚገባውን ፐልፕ (ወረቀቱ የሚሠራበትን የፋይበርና የውሃ ድብልቅ) የሚመጥነውን ቫልቭ ያዛል።

ችግራችን ክብደቱ ረግቶ አለመቀመጡ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ግራም ገደማ እየወጣና እየወረደ ይመላለሳል፤ አንዱ ምልልስ ቀድሞ 6 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። ቫልቩን የሚያዘው ፒአይዲ የተባለው ኮንትሮለር ጉልበቱ በዝቶ ይሆናል ብለን ጌይኑን፣ ማለትም ለስሕተት የሚሰጠውን ምላሽ ብርታት፣ በግማሽ ቀነስነው። ምልልሱ ወደ 9 ደቂቃ ረዘመ እንጂ ከፍታው ምንም አልቀነሰም። እርጥበቱም አብሮ ስለሚዋዥቅ፣ ኦፕሬተሮቻችን እርጥብ ጥቅል እንዳይወጣባቸው ሲሉ 7 በመቶ ሊሆን የሚገባውን እስከ 5 በመቶ ያደርቁታል፤ በዚህም በከንቱ የሚያልቀው እንፋሎት ያሳስበኛል። በዚህ ላይ ላብራቶሪያችን የሚመዝነው ክብደት ስካነሩ ከሚያሳየው ከ3 እስከ 4 ግራም ስለሚበልጥ፣ የሌሊት ተረኞች ስካነሩን ማመን ትተው ቫልቩን በእጅ ማዘዝ ጀምረዋል። አስተዳደሩ አዲስ የቁጥጥር ሶፍትዌር እንዲገዛ ሐሳብ ቀርቧል። ከመፈረሜ በፊት የእናንተን አስተያየት መስማት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የቁጥጥር መሐንዲስ፣ ስዊድን

ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ መልሱም ያለው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይመስለኛል። የኮንትሮለሩ ጉልበት ከመጠን በላይ ሆኖ የሚመጣ ምልልስ ቢሆን ኖሮ፣ ጌይኑ በግማሽ ሲቀነስ ማዕበሉ እየከሰመ መሄድ ነበረበት። የእርስዎ ግን ከፍታው ሳይነካ ጊዜው ብቻ ረዘመ። ይህ የሚያጣብቅ ቫልቭ ምልክት ነው። ኮንትሮለሩ ትእዛዙን ቀስ በቀስ ሲጨምር ቫልቩ ከነበረበት አይነቃነቅም፤ ግፊቱ ሲበዛበት በአንድ ጊዜ ዘሎ ከሚፈለገው ያልፋል፤ ከዚያ ኮንትሮለሩ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል፣ ቫልቩ እንደገና ይቆማል፣ እንደገና ይዘላል። የማዕበሉን ከፍታ የሚወስነው የዝላዩ መጠን በመሆኑ፣ ጌይን ሲቀንሱ የሚቀነሰው ኮንትሮለሩ ወደ ዝላዩ የሚደርስበት ፍጥነት ብቻ ነው።

ማረጋገጫው ወጪ የለውም። የክብደቱን ኮንትሮለር ወደ ማኑዋል፣ ማለትም ቫልቩ በእጅ ወደሚታዘዝበት ሁኔታ፣ ያዙሩትና ለግማሽ ሰዓት ይመልከቱ፤ ምልልሱ ከቆመ መነሻው ከቫልቩና ከኮንትሮለሩ አይወጣም። ቀጥሎ ትእዛዙን በ0.2 በመቶ ብቻ ይጨምሩና ከቫልቩ በኋላ ያለውን የፐልፕ ፍሰት መለኪያ ይከታተሉ። ፍሰቱ ካልተለወጠ ሌላ 0.2 ይጨምሩ። ፍሰቱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የጨመሩት ድምር የቫልቩን መጣበቅ ይነግርዎታል። በአውቶማቲክ የተመዘገበውንም ግራፍ ይዩት፦ የኮንትሮለሩ ትእዛዝ እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ፍሰቱ ደግሞ እንደ ደረጃ ሆኖ ከታየ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀት ለቁጥጥር አስቸጋሪ የሆነበት ዋናው ምክንያት መዘግየት ነው፤ በእናንተ ማሽን ላይ ቫልቩ ያደረገው ለውጥ በፓምፑ፣ ፐልፑን በሚያሰራጨው ሄድቦክስ፣ ውሃው በሚንጠፈጠፍበት ሽቦ፣ ውሃውን በሚጨምቀው ፕሬስና በማድረቂያ ሲሊንደሮቹ አልፎ ስካነሩ ጋ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል ብዬ እገምታለሁ። የቁጥጥር መሐንዲሱ ኦቶ ስሚዝ በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ፣ ማለትም ኮንትሮለሩ የትእዛዙን ውጤት በሞዴል ቀድሞ እንዲገምት ማድረግ፣ የታሰበው ለእንዲህ ያለ መዘግየት ነው። በዚህ በምኖርበት አገርም ካርል ዮሃን ኦስትሮም በ1960ዎቹ በቢለሩድ ኩባንያ የወረቀት ማሽን ላይ በኮምፒውተር የክብደትና የእርጥበት መለዋወጥን ለመቀነስ የሠራው ሥራ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ታትሞ ለቁጥጥር ትምህርት ትልቅ መሠረት ሆኗል። እነዚህ ሁሉ ግን ቫልቩ የታዘዘውን እንደሚፈጽም አድርገው ይነሣሉ። ባልተጠገነ ቫልቭ ላይ አዲስ ሶፍትዌር ቢጭኑ ይኸው ምልልስ ነው የሚጠብቅዎት። እባክዎ አሁን አይፈርሙ።

መልስ፦ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን

የቫልቩን ነገር ባልደረባችን በሚገባ አስረድተዋል። እኔ ኦፕሬተሮቹ ስካነሩን ማመን የተዉበትን ምክንያት ልመልከት፤ ምክንያቱም ቫልቩ ቢጠገንም እነርሱ ካላመኑበት ኮንትሮለሩ በማኑዋል ይቀራል።

ላብራቶሪውና ስካነሩ አንድ ዓይነት ወረቀት አይመዝኑም። ስካነሩ የሚያየው በ5 በመቶ እርጥበት ከማድረቂያው የሚወጣውን ትኩስ ወረቀት ነው። ላብራቶሪው የሚመዝነው ግን ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ከአየሩ እርጥበት የጠጣውን ነው፤ የወረቀቱ እርጥበት ወደ 7 በመቶ ከወጣ በ120 ግራም ላይ 2 ግራም ተኩል ያህል ውሃ ብቻውን ይጨምራል። ስለዚህ ናሙናው ከጥቅሉ እንደተቆረጠ ወዲያው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይታሸግ፣ ወዲያው ይመዘን፣ ከዚያ በ105 ዲግሪ ደርቆ እንደገና ይመዘን፤ ንጽጽሩም በደረቅ ክብደት ይሁን።

ሁለተኛው አየሩ ነው። የቤታ ጨረር የሚቀንሰው በመንገዱ ባለው ቁስ ሁሉ ሲሆን፣ አየርም ቁስ ነው። በሁለቱ የስካነር ራሶች መካከል 10 ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖር፣ በባሕር ጠለል ላይ በዚያ ክፍተት ያለው አየር በካሬ ሜትር 12 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 9 ግራም ገደማ። ቆላ ላይ የተስተካከለ ስካነር ደጋ ላይ ሲተከል እንደገና መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው። የስካነሩ ራስ ከወረቀቱ ውጭ ቆሞ ዜሮውን ሲያስተካክል በክፍተቱ ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሲገባ ግን ይሞቃል፤ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በደጋ ከፍታ 1 ግራም ያህል ይቀልላል። ይህን የሚያካክስ የክፍተት ሙቀት ሴንሰር ይኖራል። የእርስዎ ስካነር ወደ ታች የሚያነብ መሆኑ ይህ ሴንሰር ተበላሽቶ ወይም ገመዱ ተነቅሎ እንደሆነ እንድጠይቅ ያደርገኛል። ጨረሩ በሚያልፍበት የስካነሩ መስኮት ላይ የሚጋገረውንም አቧራ በየተረኛው ያስጠርጉት፤ እኔ ብዙ ቀን የደከምኩበት ጉድለት በመጨረሻ መስኮት ላይ የደረቀ የፐልፕ ጠብታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የጨረር ምንጩም ዕድሜ አለው። ክሪፕተን 85 ከሆነ በ10 ዓመት ከ9 ወር ገደማ ግማሹ ያልቃል፣ ፕሮሜቲየም 147 ከሆነ ግን ከ2 ዓመት ከ8 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ። የደከመ ምንጭ ንባቡን ያንቀጠቅጠዋል፤ በምንጩ መያዣ ላይ ባለው የስም ሰሌዳ የተጻፈውን ዓመት ያንብቡ እንጂ መያዣውን ማንም እንዳይከፍት አደራ እላለሁ።

ጠያቂው፦ የምርት ክፍል መሐንዲስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታዘዝኩትን ፈጽሜ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ። ኮንትሮለሩን ወደ ማኑዋል ስናዞረው ትልቁ ምልልስ ቆመ። ከዚያ ትእዛዙን በ0.2 በመቶ እየጨመርን ሄድን፦ አንደኛው ጭማሪ ምንም፣ ሁለተኛው ምንም፣ ሦስተኛውና አራተኛውም ምንም፤ በአምስተኛው ላይ ፍሰቱ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ከመካኒኮቹ ጋር ወርደን ስናየው፣ የቫልቩ ዘንግ ፐልፕ ያንጠባጥብ ስለነበር አንድ ተረኛ በዘንጉ ዙሪያ ፍሳሽ የሚያግደውን ማሸጊያ ብሎኖች እስከ መጨረሻው አጥብቋቸው ኖሯል። ያደረገው በቅንነት ነው፤ ማንጠባጠቡ በእርግጥ ቆሞለታል። ማሸጊያውን ቀይረን በልኩ አሰርነው፤ አሁን ቫልቩ በ0.2 በመቶ ይንቀሳቀሳል፣ ክብደቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ በ1 ግራም ተኩል ውስጥ ይቆያል። የክፍተት ሙቀት ሴንሰሩም ገመዱ ተበጥሶ ተገኝቷል።

አሁን የቀረው ቀስ ብሎ፣ በሰዓታት የሚሄድ መንሸራተት ነው። የአሮጌው ካርቶን ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ይመጣል።

መልስ፦ የቁጥጥር መሐንዲስ፣ ስዊድን

እጅግ ደስ ብሎኛል። የቀረው መንሸራተት ከኮንሲስተንሲ (በፐልፑ ውስጥ ያለው ፋይበር በመቶኛ) መለኪያው ይመስለኛል። በቧንቧው ውስጥ ባለ ምላጭ የሚለካ ከሆነ፣ በትክክል የሚለካው የፋይበሩን መጠን ሳይሆን ፐልፑ ምላጩን የሚጎትትበትን ኃይል ነው። ደጋግሞ ታጥቦ ያጠረ ፋይበር አነስ ያለ ጉተታ ስላለው፣ መለኪያው ፐልፑ የቀጠነ ይመስለውና የማቅጠኛውን ውሃ ይቀንሳል፤ በእርግጥ ግን ፐልፑ ወፍሯል። ኮንሲስተንሲው 3.5 በመቶ መስሎን 3.6 ቢሆን፣ የወረቀቱ ክብደት በ3 ግራም ገደማ ይጨምራል።

ከመለኪያው አጠገብ ካለው ቧንቧ ናሙና እየቀዱ፣ አጣርተውና በ105 ዲግሪ አድርቀው እየመዘኑ፣ የካርቶኑን ዓይነት ከጎኑ እየጻፉ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። ልዩነቱ ከካርቶኑ ዓይነት ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ሶፍትዌር ሊገዛበት የነበረውን ገንዘብ በማይክሮዌቭ ለሚለካ ትራንስሚተር እንዲያውሉት እመክራለሁ፤ እርሱ የሚለካው የማይክሮዌቭ ማዕበሉ በፐልፑ ውስጥ የሚያልፍበትን ጊዜ በመሆኑ የፋይበሩ ርዝመት ብዙም አያሳስተውም። የእርጥበቱን ዒላማ ከ5 ወደ 7 በመቶ የሚያወጡት ግን ይህ ከተስተካከለ በኋላ፣ በየጥቂት ቀኑ ግማሽ በመቶ እየጨመሩ ይሁን።