የእናቴን የከሰል ምድጃ በምን ልተካው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ብርድ የደሴ ልጅ ያውቀዋል፤ ከተማችን እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት።

እናቴ ማታ ማታ የምትሞቀው በአሮጌ የከሰል ምድጃ ነበር። ባለፈው ሳምንት በሩን ዘግታ እንደተቀመጠች ራሷን አዙሯት ወደቀች። ደግነቱ ድምፁን ሰምቼ ቶሎ አወጣኋት። አሁን ደህና ናት፣ ግን ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እኔም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ምን ይሠራል?

ስለዚህ ከላሜራ የተበየደ፣ በር ያለው፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ ላሠራ ነው። ማገዶው ከሰጋቱራ የተጨመቀ ብሪኬት ወይም በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሆናል። እርጥብ እንጨት አይሆንም፤ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃል፣ ቱቦውም በጥላሸት ይደፈናል።

የጨነቀኝ ቱቦው ነው። ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ጆንያ ስለሆነ የጋለ ብረት በዚያ ማሳለፍ እሳት መጥራት ነው። በጭቃው ግድግዳ በኩል አጥፌ ባወጣው ጭሱ ይወጣል ወይስ ወደ ቤት ይመለሳል? ከጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይበል? ላሜራውንም አንዱ በያጅ 2 ሚሊ ይበቃል አለኝ፣ ሌላው 4 ካልሆነ ይቃጠላል አለ። ክፍሉ 4 በ4 ነው።

ብሪኬት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚሸጥበትን የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ምድጃ ያሠራችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ፎቶ ላኩልኝ። ብርዱ ሳይብስ ልጨርሰው።