«ስም ያለው የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ» ላላችሁ፦ ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ዋልያዎቹን፣ ማን ይያዝ? (ሚያዝያ 2015)

የሽሮሜዳው፦
ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «ከተሸኘው አሰልጣኝ ከውበቱ በኋላ ስም ያለው የውጭ አሰልጣኝ ካልመጣ ዋልያዎቹን ማየት አቆማለሁ» ብሎ ጽፏል። ስንቱ «ልክ ነህ» እንዳለው ሳይ ደሜ ፈላ። ስም ያለውን እኮ አይተነዋል! ሰውነት ቢሻው 31 ዓመት ርቀንበት ወደነበረው የአፍሪካ ዋንጫ መለሰን፤ ለዓለም ዋንጫ ከናይጄሪያ ጋር ደርሶ መልስ እስክንጫወት አደረሰን። በ2006 ቻን (በየሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር) ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ያለ ጎል ሲመለስ አሰናበቱት። ከዚያ «ጋናን ያሰለጠነ» ተብሎ ማሪያኖ ባሬቶ መጣ። ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር ተመድበን በስድስት ጨዋታ አራት ነጥብ ይዘን የምድቡ ግርጌ ቀረን። ዓመት ገደማ ቆየና ተሸኘ። ይኼ ነው ስም ያለው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። አሁንም እደግመዋለሁ። አንድ ባሬቶን ይዘህ የውጭ አሰልጣኝ ሁሉ አይረባም ልትለኝ አትችልም። ቤልጅጉ ቶም ሴንትፊት እኛ ጋ ሠርቶ የሄደ ሰው ነው። አምና ጥር ላይ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ጋምቢያን ይዞ የት ደረሰ? በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ሩብ ፍጻሜ! ሰርቡ ሚቾስ? በጊዮርጊስ አሰልጣኝነቱ ሊጋችንን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ ኡጋንዳን ከ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወዲህ ረግጣው ወደማታውቀው የአፍሪካ ዋንጫ በ2017 አስገባት። እጃችን ላይ የነበሩትን ሰዎች ጎረቤት እየተጠቀመባቸው ነው።
ደግሞ ዋናው ነገር ይኼ አይደለም። የውጭው ሰው የማንም ክለብ ልጅ አይደለም። ምርጫ በወጣ ቁጥር «እገሌ የድሮ ተጫዋቹ ስለሆነ ነው»፣ «እገሌን የተወው ከዚያ ክለብ ጋር ስለተጣላ ነው» የሚለው ጭቅጭቅ አልሰለቻችሁም?

ማሂ ዘፒያሳ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሴንትፊትን ስላነሳኸው አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም የሚመሰክረው ባንተ ላይ ነው። እኛ ጋ የቆየው ወራት ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 2011 መጥቶ በዚያው ዓመት ሄደ። ጋምቢያ ግን በእኛ ከ2010 ክረምት ጀምሮ ይዛዋለች። ካሜሩን ላይ ያየነው ቡድን ከሦስት ዓመት በላይ አብሮ የቆየ ነው። ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው። የተለየው ቀጣሪው ነው። ጋምቢያ ያገኘችው ስም አይደለም፣ ትዕግሥት ነው።
ከባሬቶ ወዲህ እኛ ስንት ቀየርን? ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ። ስምንት ዓመት፣ አምስት ሰው። እንኳን እግር ኳስ፣ እድርም በዚህ ዓይነት ሊቀመንበር አይቀይርም።

ቡናማው፦
ማሂ ተባረኪ። ስለ ውበቱ ግን ሰው ሁሉ በዝምታ አለፈው። እኔ አላልፍም። ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0 ማን ነው ያሸነፈው? ከዚያ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ታሞ ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ ላይ ሲቋረጥ፣ ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 መውጣታቸው እስኪሰማ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ሆነው ሲጠብቁ፣ እኛም በየቤታችን ትንፋሻችንን ይዘን ስንጠብቅ አልነበረም? ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ያ ቀን የማን ሥራ ነበር? አምና ሰኔ ላይ ግብጽን ሊሎንግዌ ላይ 2 ለ 0፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ! እድሜዬን ሙሉ ግብጽ ላይ እንዲህ ስንጫወት አላየሁም። ኳስ ከእግራችን አልወጣ ብሎ እነሱ ሲሮጡ ዋሉ። አሠልጣኛቸውም በዚያው ወር ተባረረ። ይህን የሠራ ሰው ዛሬ ስም የሌለው ሆነ?

አራዳ 28፦
ግብጽን አሸነፍን፤ ማንም አይክደውም። ከዚያስ? መጋቢት ላይ ሞሮኮ ውስጥ በጊኒ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቴ ተሸነፍን፤ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2። ጥር ላይ አልጄሪያ በተደረገው ቻን ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ፤ ሊቢያ 3 ለ 1 ረታችን። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጇን ቀድመን አግብተንባት 4 ለ 1 ተሸነፍን።
ያ «ከኋላ መስርቶ መጫወት» የምትሉት ነገር ነው የጨረሰን። ግብ ጠባቂው ለመሐል ተከላካይ፣ ተከላካዩ መልሶ ለግብ ጠባቂው፤ አጥቂያቸው ሮጦ ሲመጣ ሁሉም ይደነግጣል፣ ኳሷ ሳጥናችን ጫፍ ላይ ትነጠቃለች። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቡና ቤት ውስጥ ያምራል፤ አህጉር ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ቡናማው፦
«ቡና ቤት» ስትል ምን ለማለት ፈልገህ ነው? እዚህ ስለ ዋልያዎቹ እያወራን ነው፤ አንተ ግን የሸገር ደርቢን፣ የቡናና የጊዮርጊስን፣ ቂም ይዘህ መጥተሃል። ውበቱ በ2003 ቡናን ሻምፒዮን ያደረገ ጊዜ የበላህ እስካሁን አልለቀቀህም።

አራዳ 28፦
አንድ ዋንጫ እስከ መቼ ነው የምትቆጥሩት? እኛ መቁጠር ትተናል።

ቡናማው፦
ይኸው! ስለ ብሔራዊ ቡድን ተጠየቀ፣ ስለ ጊዮርጊስ ዋንጫ መለሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ የፈራው ይኼን ነው፤ እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አያችሁ? ሁለታችሁም አሰልጣኝ የምትመዝኑት በማሊያ ነው። እኔ እዚህ ማዶ ሆኜ የማንም ማሊያ አልለበስኩም፤ ባንዲራውን ነው የማየው። ስለዚህ ነው ከውጭ ይምጣ የምለው።

ከካምቦሎጆ፦
ልጆቼ፣ ስድብ ይቅር። እኔ ስታዲየም መግባት የጀመርኩት አብዛኞቻችሁ ሳትወለዱ ነው። የክለብ ወገንተኝነት ያኔም ነበር፤ ሰውነት ቢሻው ሲመርጥም ተወርቷል። ውጤት ሲመጣ ግን ሁሉም ዝም አለ። በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ያሸነፍን ዕለት ከስታዲየም ወጥቼ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ ስሄድ የቡናም የጊዮርጊስም ደጋፊ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ስለ ፈረንጅ አሰልጣኝ ስትጨቃጨቁ ያንን ሰው አትርሱት። ሀገር ውስጥ ተወልዶ፣ እዚያ ያደረሰን እሱ ነው።

የሽሮሜዳው፦
ጋሼ፣ አፍዎ ይባረክ።

አራዳ 28፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያ ዕለት እኮ ማታውኑ መርዶ የመጣበት ነው። ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ መታገድ ሲገባው ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ፊፋ ሦስት ነጥብ ወሰደብን። ዋና አሰልጣኝ የተጫዋቹን ካርድ አይቆጥርም? ስም ያለው፣ ልምድ ያለው ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም ነበር። እዚህ ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ነኝ።

የሽሮሜዳው፦
ይኼንን ደግሞ አሰልጣኙ ላይ ልትጭነው ነው? ካርድ የሚመዘግበው፣ ከፊፋ ደብዳቤ የሚቀበለው ፌዴሬሽን ነው። ጥፋቱንም ያመነው ፌዴሬሽኑ ራሱ ነው። አሰልጣኝ ልጆቹን ያሠለጥን ወይስ መዝገብ ቤት ይቀመጥ?

አራዳ 28፦
ሁለቱም። ተጫዋች ሲያሰልፍ ማን መሰለፍ እንደሚችል ያላወቀ አሰልጣኝ ምኑን አሰልጣኝ ሆነ?

የሽሮሜዳው፦
ነጥቡ ተወስዶብን እንኳ ምድቡን አንደኛ ሆነን ነው የወጣነው። የሰውየውን ውለታ በአንድ የቢሮ ስህተት አታጥፋው።

ማሂ ዘፒያሳ፦
ከ2005 ወደ ዛሬ ተመለሱልኝ። «ስም» ስትሉ የአብርሃም መብራቱን ነገር ማንም አላነሳም። እሱ እኮ ለሌላ ሀገር የውጭ አሰልጣኝ ሆኖ የሠራ ኢትዮጵያዊ ነው። የመን ጦርነት ውስጥ ሆና፣ በገዛ ሜዳዋ መጫወት ሳትችል፣ ለእስያ ዋንጫ አሳለፋት። ወደ እኛ መጥቶ ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1 ረታ። ኮቪድ መጣ፣ ውሉ አለቀ፣ አላደሱለትም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ይህ ሰው የሰርብ ወይም የቤልጅግ ፓስፖርት ቢኖረው ኖሮ «ስም ያለው» ትለው ነበር። ይህን በልብህ መርምረው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
መርምሬዋለሁ። አብርሃምን አከብረዋለሁ፤ ቢመለስም አልቃወምም። ግን ልጠይቅሽ፦ ትዕግሥት፣ ትዕግሥት ትያለሽ። ዋሊድ ረግራጊ ሞሮኮን የያዘው የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ግማሽ ፍጻሜ ገባ። ትዕግሥቱ የት አለ?

የሽሮሜዳው፦
ረግራጊ ሞሮኮዋዊ ነው! ክርክሩን ለኛ አሸነፍክልን። አሊዩ ሲሴም ሴኔጋላዊ፣ ቤልማዲም አልጄሪያዊ። ያለፉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰዱት የሀገራቸው ልጆች ናቸው። ሲሴ ደግሞ በእነሱ 2019 ፍጻሜ ተሸንፎ አላባረሩትም፤ በሚቀጥለው ዋንጫውን ይዞ መጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁሉም አውሮፓ ውስጥ የተጫወቱ፣ ሲሴ በእነሱ የ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የሴኔጋል አምበል! ስም ያለው ያልኩት ይኼንኑ ነው። ልጆቹ ሲያዩት ቀጥ ብለው የሚቆሙለት ሰው። እኛ ውስጥ ያ ማነው? ስሙን ጥሩልኝና ዛሬውኑ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ማሂ ዘፒያሳ፦
ረግራጊ ሲመጣ የጠበቀው ቡድን አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ በየሳምንቱ በአውሮፓ ሊጎች የሚሰለፉ ናቸው። ሞሮኮ የመሐመድ ስድስተኛ አካዳሚ አላት፣ ሜዳ አላት። ሦስት ወር የበቃው ቤቱ ተሠርቶ ስለጠበቀው ነው። የኛ አሰልጣኝ ምን ይጠብቀዋል? «የሜዳችን» የምንለው የጋና ጨዋታ ጆሃንስበርግ፣ የግብጹ ሊሎንግዌ፣ የጊኒው ሞሮኮ። አዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ፣ ባሕር ዳር በካፍ ታግዷል። ደጋፊ በሌለበት፣ ሆቴልና አውሮፕላን ላይ ገንዘብ እያፈሰስን ነው የማጣሪያ ጨዋታ የምናደርገው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ለአንድ ፈረንጅ የወር ደመወዝ በዶላር እንፈልግ ስትሉ፣ ያ ዶላር የመልበሻ ክፍልና የመብራት ቢሆን ልጆቹ ቤታቸው ይጫወቱ ነበር።

አራዳ 28፦
ሜዳ የመንግሥት ነው፤ አሰልጣኝ የፌዴሬሽን ነው። ሁለቱን አታደባልቂ። ሜዳ እስኪሠራ ያለ አሰልጣኝ እንቆይ?

ማሂ ዘፒያሳ፦
አንቆይም። የሚመጣው ማንም ይሁን፣ ውሉ ላይ የዓመታት ዕቅድ ይጻፍለት፤ ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍ አይባረር። ይህን የሚቀበል ፌዴሬሽን ካለ ፈረንጅም ይምጣ፣ እኔ አልጠላም።

ቡናማው፦
ማሂ፣ ውበቱንስ በዚሁ መሠረት ለምን አልተከራከርሽለትም? ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ፣ አፍሪካ ዋንጫ አስገብቶ፣ ግብጽን አሸንፎ፣ በጊኒ ተሸነፈ ተብሎ ተለያዩ። ትዕግሥት ማለት ለሚቀጥለው ብቻ ነው?

ማሂ ዘፒያሳ፦
ተከራክሬለታለሁ፤ መጋቢት ላይ የጻፍኩትን ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ። ከሱ ጋር መለያየታችን ስህተት ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ።

አራዳ 28፦
እኔ አላምንም። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያው በአራት ጨዋታ ሦስት ነጥብ ነው ያለን፤ ጊኒና ግብጽ ዘጠኝ ዘጠኝ አላቸው። ሰኔ ላይ ማላዊ፣ ክረምቱ ሲያልቅ ግብጽ። የዚህ ምድብ ነገር አብቅቷል። አዲሱ ሰው ለሚቀጥለው ማጣሪያ ይዘጋጅ፤ ወጣቶቹን አሁን ያስገባ።

ከካምቦሎጆ፦
ሁለት ጨዋታ እየቀረ «አብቅቷል» አይባልም ልጄ። ማሊያው ለብሶ የሚወጣው ልጅ ይህን ያነባል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ያንብበው፤ ደረጃውን ይወቅ። እኔ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። የሀገር ውስጥ ይሁን ላላችሁ፣ አንድ ስም ጥሩ አልኩ። አንዳችሁም አልጠራችሁም።

የሽሮሜዳው፦
ገብረመድህን ኃይሌ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ። በተከታታይ ሁለት ዓመት፣ በሁለት ክለብ፣ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሊጉን ያላሸነፉ። ስም ከፈለግህ ይኸውልህ።

አራዳ 28፦
በ2008 ይዞት ነበር እኮ! ያየነውን መልሰን ልናይ ነው?

የሽሮሜዳው፦
በ2008 ስንት ጨዋታ ሰጡት? መልስልኝ።

ቡናማው፦
ክለብን ሻምፒዮን ማድረግ መመዘኛ ከሆነ ውበቱም አድርጓል። እሱን አሰናብታችሁ ለሌላው በዚያው ልትከራከሩ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከተጠራው ስም ጋር ሊጉ ውስጥ የሠሩ ተጫዋቾች ነገ ሲመረጡ እዚሁ ግሩፕ ላይ «የድሮ ልጆቹን ሰበሰበ» ብሎ የሚጽፈው የመጀመሪያ ሰው አራዳ 28 ነው። ይህን መልእክት አስቀምጡት።

አራዳ 28፦
የኛን ተከላካዮች ካልጠራ አዎ፣ እጽፋለሁ። በሊጉ እንደነሱ ያለ የለም።